እንቅርት ያለበት ሰው የቪታሚንና የማዕድን እንክብል እንዴት ይምረጥ?

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምንነጋገረው በየቤቱ መሳቢያ፣ እንዲያውም በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኘው የቪታሚን ጠርሙስ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ሲመጣ በሻንጣው ከሚይዛቸው ስጦታዎች መካከል ይህ ጠርሙስ የማይጠፋ ሆኗል። ተቀባዩ ጤነኛ እንደ ሆነ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከገንዘብ ብክነት አያልፍም። ነገር ግን ተቀባዩ እንቅርት ያለበት ወይም የታይሮይድ ዕጢው የታወከበት ሰው እንደ ሆነ፣ አንዱን የጠቀመው እንክብል ሌላውን አልጋ ላይ ሊጥለው ይችላል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት የሚነገረው በችግር ላይ ችግር ሲጨመር ነው፤ እኛ ግን ዛሬ ቃሉን እንዳለ ወስደን፣ በእንቅርት ላይ ምን ቢጨመር እንደሚበጅና ምን ቢጨመር እንደሚጎዳ እንመልከት።

የታይሮይድ ዕጢ ከማንቁርት በታች፣ በአንገት ፊት ለፊት፣ ክንፏን እንደ ዘረጋች ቢራቢሮ የተቀመጠች ትንሽ አካል ናት። ሥራዋም ሰውነታችን ምግቡን ወደ ሙቀትና ወደ ኀይል የሚለውጥበትን ፍጥነት መወሰን ነው። ይህንንም የምታደርገው ሐኪሞች ሆርሞን በሚሉት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም። ሆርሞኑ ሲያንስ ሰው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ የሆድ ድርቀት ያስቸግረዋል፣ አሳቡም ይዘገያል። ሲበዛ ደግሞ ልቡ ይደልቃል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እየበላ ይከሳል። የአንገት ማበጥ ብቻውን ከሁለቱ የትኛው እንዳለ አይናገርም፤ አንገቱ አብጦ ሆርሞኑ ልክ የሆነ ሰውም ብዙ ነው። ስለዚህ ማናቸውንም እንክብል ከመግዛት በፊት ደም ማስመርመር ይቀድማል። ቲ ኤስ ኤች የሚባለው ምርመራ የዚህ ሁሉ በር ነው።

ለመቀሌ ሰው ጨው እንግዳ ነገር አይደለም። ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ፣ ከዳሎል ሜዳ የተቆረጠ አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደዚህች ከተማ ሲወጣ ብዙ ዘመን ኖሯል። በጨው ንግድ በታወቀ አገር እንቅርት መብዛቱ ለሰሚ ያስገርም ይሆናል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በደጋው ምድር ያለውን አዮዲን ዝናብና ጎርፍ ጠርጎ ስለ ወሰደው እህሉም፣ አትክልቱም፣ የከብቱም ወተት አዮዲን ያንሳቸዋል። ከመሬት ተቆርጦ እንደ ወጣ የሚሸጠውም አሞሌ ሰው ካልጨመረበት በቀር ለዕጢዋ የሚበቃ አዮዲን የለውም። ጨው መሆኑና አዮዲን ያለው ጨው መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ኢትዮጵያ ቀድሞ አብዛኛውን ጨው ታገኝ የነበረው አዮዲን እየተጨመረበት ከኤርትራ ወደቦች ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ ድንበሩ ሲዘጋ፣ አዮዲን ያልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው ገበያውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ የወጣ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑት ልጆች ከመቶ 40 የሚጠጉት እንቅርት እንደ ነበረባቸው አመልክቷል። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ በ15 ቤቶች ብቻ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ግን ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ ብሏል። ይህ ያለ ብዙ ወሬ የተፈጸመ ትልቅ ሥራ ነው።

እንግዲህ በከተማ የሚኖርና አዮዲን ያለው ጨው የሚበላ ሰው የአዮዲን እንክብል መጨመር ይገባዋልን? አብዛኛውን ጊዜ አይገባውም። አንድ ጐልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፤ ይህም ከማነሱ የተነሣ የሰባ ዓመት ቀለብ ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። ከውጭ የሚመጡ ከባሕር ሣር የተሠሩ እንክብሎች ግን አንዳንዶቹ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛሉ። እጥረት ለብዙ ዓመት ለምዳ ጓጉላ ያበጠች ዕጢ በድንገት ብዙ አዮዲን ሲደርሳት ያለ ልክ ሆርሞን ታመርታለች። በዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዮዲን ያለው ጨው በተስፋፋበት ጊዜ በሆርሞን መብዛት የሚታመሙ ሰዎች ቁጥር ጨምሮ ነበር። ይህ ጨውን የሚያስጠላ ምክንያት አይደለም፤ ለሕዝቡ የሚያስገኘው ጥቅም ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣልና። ነገር ግን የቆየ እንቅርት ያለባቸው አረጋውያን እናቶቻችንና አባቶቻችን በጨው ላይ የአዮዲን እንክብል እንዳይደርቡ ያስጠነቅቃል። የሰውነት መከላከያ ኀይል የገዛ ዕጢውን የሚያጠቃበት ሰውም በትርፍ አዮዲን ሕመሙ ሊብስበት ይችላል እንጂ አይድንም። ጨው ራሱ ከፀሐይና ከእርጥበት ተጠብቆ በክዳን ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

ከዚህ የባሰው «የታይሮይድ ረዳት» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካኖች በገበያቸው ከሚሸጡት 10 ዐይነት መርምረው በ9ኙ ውስጥ እውነተኛውን የታይሮይድ ሆርሞን አግኝተዋል። በዚያ አገር ሕግ እንዲህ ያለው ነገር እንደ መድኀኒት አስቀድሞ ተመርምሮ አይፈቀድም። ስለዚህ «ከውጭ የመጣ ነው» ማለት «የተመረመረ ነው» ማለት እንዳልሆነ ይታወቅ።

ሆርሞን ላነሰው ሰው ሐኪም የሚያዝዘው ሌቮታይሮክሲን የተባለውን መድኀኒት ነው፤ ቪታሚን እርሱን አይተካውም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በትግራይ መድኀኒት እንደ ልብ አይገኝም ነበርና፣ በዚያን ጊዜ አቋርጦ የቀረ ሰው ቢኖር በቪታሚን ከመሸንገል ይልቅ እንደገና ይመርመር።

በሥራ ላይ ያለ ሰው ይበልጥ የሚሳሳተው በምርጫው ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢሻል አንድ ሰዓት ምግብም ቡናም አይቀመስም። ቡናችን ለሌላው ሁሉ መልካም ቢሆን እንኳ መድኀኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ብረትና ካልሲየም ያለበት እንክብል ደግሞ 4 ሰዓት ይራቅ፤ ብዙ ቪታሚን የተደባለቀበት እንክብል አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እንደሚይዝ አይዘንጋ። ከማለዳው 12 ሰዓት መድኀኒቱን የዋጠ ሠራተኛ በ1 ሰዓት ቁርሱንና ቡናውን ወስዶ፣ ቪታሚኑን ከምሳ ጋር ቢያደርገው ነገሩ ተፈታ። የጾም ሰዓት የማይመቸው ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ማታ፣ እራት ከበላ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሊውጠው ይችላል።

ለጠጕርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ሌላ ዐይነት ተንኰል አለው። ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በጠርሙሱ ላይ 5,000 ወይም 10,000 ተጽፎ ይገኛል። ይህ ዕጢዋን አይነካም፤ የሚያሳስተው የላቦራቶሪውን መሣሪያ ነው። ሆርሞኑ ያልበዛበት ሰው በዝቶበታል ተብሎ ውጤት ሊወጣለት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት ተቆጣጣሪ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 2 ቀን ማቋረጥና ለሐኪሙም መንገር ይገባል። የሚያሳዝነው፣ ጠጕሩ የሚረግፈው በዕጢው ሕመም ምክንያት የሆነ ሰው ነው ብዙ ጊዜ ይህን ጠርሙስ የሚገዛው።

ስለ ሴሌኒየም ብዙ ይወራል። ዕጢዋ ለሥራዋ ትፈልገዋለች፤ በአንድ ዐይነት የዐይን ማበጥም በሽታው ቀላል ሳለ ለ6 ወር መስጠቱ እንደ ጠቀመ ታይቷል። ከዚህ ውጪ ለሁሉ ሰው የሚታዘዝበት በቂ ማስረጃ የለም። በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ እህል ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በእህሉ ያለው የሴሌኒየም መጠን እንደየስፍራው እጅግ ይለያያል፤ ስለዚህ የጎረቤት ልክ ለሌላው አይሆንም። ሲበዛም ጠጕር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰነጥቃል።

ከሁሉ ይልቅ ተመርምሮ መተካት የሚገባው ብረት ነው፤ የደም ማነስ ያለበት ሰው ዕጢው ሆርሞኑን በሚገባ መሥራት ያቅተዋልና። ሥጋና ወተት ሳይቀምስ ረጅም ጾም የሚጾም ሰው ደግሞ ቪታሚን ቢ 12 ቢመረመርለት መልካም ነው። ጎመን አትብሉ የሚለውን ወሬ ግን ተዉት፤ የተቀቀለ ጎመን በልኩ ቢበላ፣ ጨዉም አዮዲን ያለው ከሆነ አይጎዳም።

በመጨረሻ ስለ ነፍሰ ጡር ሴት ልናገር። የእርሷ የአዮዲን ፍላጎት በቀን ወደ 250 ማይክሮግራም ከፍ ይላል፤ ሲጐድልባትም የሚጎዳው የጽንሱ አእምሮ ነው፤ ያም በኋላ በምንም እንክብል አይመለስም። ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ ሴት ማርገዟን እንዳወቀች ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ወደ ሐኪሟ ትሂድ፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከፍ ማለት ያስፈልገዋልና። ጤና ጣቢያው የሚሰጣትንም የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ሳታቋርጥ፣ ሌቮታይሮክሲኑን በማለዳ፣ ብረቱን በምሳ ወይም በማታ ትውሰድ።