ልጅ የሞተባቸው ቻይናዊት እናትና የእኛ ማጽናኛ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሂሳብ ያዦች ተነሥተን ስለ ሐዘን ስንናገር ግር ይላችሁ ይሆናል። ያነሣሣን የራሳችን ስሕተት ነው።

ጥቂቶቻችን ቻይናውያን በሚያስተዳድሩት የልብስ ፋብሪካ ውስጥ እንሠራለን። የሂሳብ ክፍል ኃላፊያችን የ51 ዓመት ቻይናዊት ነበሩ። ያላቸው ልጅ አንዲት ነበረች፤ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ስትማር በመኪና አደጋ ሞተች። ሄደው በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። በማግስቱ እንደ ወትሮው ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው የደመወዝ መክፈያ ሲፈርሙ አገኘናቸው። ጥቁር አልለበሱም፣ ስለ ልጃቸውም አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኛ ግን ለቅሶ ሳንደርስ መቅረት ነውር ሆነብንና አራት ሆነን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ወደ መኖሪያ ክፍላቸው ሄድን። አለቀስን። ከመካከላችን አንዷ እንደ ልማዳችን «እግዜር ያጽናዎት፣ ምትኩን ይስጥዎት» አለች፤ አስተርጓሚውም ቃል በቃል ነገራቸው። ሴትዮዋ ተነሥተው በሩን ከፈቱልን። ወጣን። ደረጃውን ሳንጨርስ «ልባቸው ድንጋይ ነው» ተባባልን።

የተሳሳትነው የቱ ላይ እንደሆነ ለመረዳት ወራት ወሰደብን። አስተርጓሚው ጥቂት ነገረን፣ የቀረውን ፈልገን አነበብን።

በቻይና ነባር ባህል ሐዘን ደረጃ አለው። ታናሽ ለታላቅ ያዝናል፤ ልጅ ወላጁን ይቀብራል፣ በየዓመቱ መጋቢት መጨረሻ ላይ በሚውለው የቺንግሚንግ ቀን መቃብሩን ይጠርጋል፣ ምግብ ያቀርባል፣ ሟቹ በወዲያኛው ዓለም እንዳይቸገር የወረቀት ገንዘብ ያቃጥላል። ወላጅ ለልጁ ይህን ሲያደርግ ግን ሥርዓቱ ተገለበጠ ማለት ነው። ነጭ ፀጉር ያለው ጥቁር ፀጉር ያለውን ሸኘ ይሉታል፤ ከዚህ የከፋ መርዶ የላቸውም። በብዙ አካባቢ ድሮ ሕፃን ሲሞት ድግስ የለም፣ በቤተ ዘመድ መቃብርም አይቀበርም፣ ስሙ ከቅድመ አያቶች ተርታ አይጻፍም፤ ወላጅም ሬሳውን እስከ መቃብር አይከተልም ነበር። እናት ሐዘን ሳይጎድላት ማልቀሻ ቦታ ታጣለች። እኛ ድንኳን ጥለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ጎረቤት ሁሉ አብሮን ሲያለቅስ ከምናገኘው እፎይታ እሷ ዘንድ የሚደርስ የለም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ሂሳብ ያዦችን ያስደነገጠን አንድ እምነት አለ። በዕድሜው ሳለ የሚሞት ልጅ ዕዳ ሰብሳቢ ነው ይባላል። ወላጆቹ ባለፈው ሕይወታቸው የሰው ገንዘብ ወይም የሰው ነፍስ ነበረባቸው፤ አበዳሪው ልጅ ሆኖ ተወለደ፤ በላ፣ ለበሰ፣ ተማረ፣ ተወደደ፤ የሚገባውን ሲያገኝ ሄደ። ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ጭካኔ መሰለን። እናቲቱን ልጇ በሞተባት ላይ ባለዕዳ ማድረግ ምን ይባላል? ቆይተን ስናስበው ግን ሌላም ፊት አለው። ዕዳ ከተከፈለ መዝገቡ ይዘጋል። «የድርሻሽን ከፍለሻል፣ ከእንግዲህ አትከተይው» የሚባልበት ማጽናኛም ነው። ያው አንዱ ቃል አንዷን እናት ያሳርፋል፣ ሌላዋን ደግሞ ምን በድዬ ነው እያለች ሌሊቱን ሙሉ እንድትቆጥር ያደርጋል። የእኛ ኃላፊ ከየትኛዎቹ እንደሆኑ አናውቅም። አማታቸው ይህንኑ ቃል እንደተናገሯቸው ብቻ አስተርጓሚው ነግሮናል።

እርግጥ ቻይና ሰፊ አገር ናት፤ የገጠሩ ከከተማው፣ የሰሜኑ ከደቡቡ ይለያል፤ የዛሬ ወጣት በዕዳ ሰብሳቢው ላይ ይስቅ ይሆናል። ዝምታው ግን ከእምነቱ በኋላም ቀርቷል።

በዚህ ላይ የመንግሥት ሕግ ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ አብዛኛው የከተማ ባልና ሚስት ከአንድ ልጅ በላይ እንዳይወልድ ተከልክሎ ነበር። በአንድ ልጅ ለተወሰኑትም የክብር ምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። ዘር መቋረጡ ለቅድመ አያቶች ትልቁ በደል ነው ብሎ በኖረ ሕዝብ ዘንድ ያ አንድ ልጅ ሲሞት የሚሞተው ልጁ ብቻ አይደለም። የወላጆቹን መቃብር የሚጠርግ ይጠፋል፤ ገና በሕይወት ሳሉም ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና፣ የአረጋውያን መኖሪያም ለመግቢያ «ልጅሽ ይፈርም» ሲሏት የምታቀርበው የላትም። እንዲህ ያሉትን ወላጆች «ሺዱ» ይሏቸዋል፤ አንድያውን ያጡ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት በመላ አገሪቱ ለእነዚህ ወላጆች በወር ቢያንስ 100 ዩዋን መክፈል ጀመረ። እናቲቱ 49 ዓመት መሙላት አለባት፤ ከዚያ ወዲያ አትወልድም ተብሎ ነው። በ2014 ክፍያው ለከተማ 340፣ ለገጠር 170 ሆነ። የገጠር እናት ልጅ በግማሽ ዋጋ! ልዩነቱ በኋላ ተነሥቷል፤ ቢሆንም ይህን ቁጥር ለብዙ ቀን ከአእምሯችን ማውጣት አልቻልንም።

በዚያው በ2008፣ ግንቦት ላይ፣ ሲቹዋን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ በመንግሥት ቆጠራ ከ5,300 በላይ ተማሪዎች ሞቱ ወይም ጠፉ። ሕጉ ላልቶ እናቶቹ ሌላ እንዲወልዱ ተፈቀደ፣ ማኅፀናቸው የተቋጠረውም በቀዶ ሕክምና እንዲፈታ ተደረገ። የወለዱም አሉ። ምትክ የተባለው ልጅ የሟቹን ቦታ ተሸክሞ እንዴት እንደሚያድግ አስቡት። ዕድሜዋ ያለፈው እናት ደግሞ ያም አልተሰጣት። እኛም ለ51 ዓመቷ ሴት በአስተርጓሚ ያቀረብነው ይህንኑ ነበር፤ ምትክ።

የሚደንቀን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሺዱ ወላጆች መጥፎ ዕድል ይዘው ይገባሉ ተብሎ ስለሚፈራ ሠርግ ላይ፣ የልጅ ልደት ድግስ ላይ መታየት ይተዋሉ። ሰው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ በሚሰበሰብበት በዘመን መለወጫቸው የርችቱን ድምፅ እንዳይሰሙ ቤታቸውን ዘግተው የሚሄዱ አሉ። እየቆዩ ግን በኢንተርኔት ተፈላልገው ተገናኙ። «ዕጣችን አንድ የሆነ» ይባባላሉ። የበዓሉን ማዕድ አብረው ይበላሉ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ሆስፒታል ያድራል። «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እዚያ የለም። ከእኛ እድር ምን ይለያል? ለዚህ ነገር ስም ብንሰጠው መረዳጃ ማኅበር ነው።

በመጋቢት ማብቂያ ላይ ኃላፊያችን ከፋብሪካው ግቢ ጥግ ወረቀት ሲያቃጥሉ አየናቸው። ወላጅ ለልጁ አያደርገውም የሚባለውን እያደረጉ ነበር። ነፋስ እሳቱን ሲያጠፋባቸው ሁለታችን ሄደን ከለልንላቸው። ምንም አልተናገርንም፣ እሳቸውም በሩን እንዳሳዩን አላሳዩንም። ወረቀቱ አልቆ ሲነሡ ስሟን ነገሩን። ለአንድ ዓመት ያህል አብረን ስንሠራ ስሟን አላወቅንም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ እንመለስ። የማኅበራችን ደንብ ለአዋቂ ሞት ሙሉ የለቅሶ ድጋፍ፣ ከሰባት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ግማሹን ይከፍላል። ወጪው የሚመዘገበው በእኛ እጅ ነው፤ ለስንት ዓመት ስንጽፈው አንድም ቀን እጃችን አልያዘንም። 170 የሚለውን ቁጥር ካየን ወዲህ ግን ያዘን። በመካከላችሁ ያ ግማሽ የደረሳችሁ እናቶች አላችሁ፤ ስንሰጣችሁም «ገና ልጅ ናት፣ ምትኳን ይስጥሽ» ብለናችኋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ደንቡ ሲታይ ይህ አንቀጽ እንዲነሣ የሂሳብ ክፍሉ በጽሑፍ አመልክቷል። ልዩነቱን ለመሸፈን የሚያስፈልገውን ሠርተን ከማመልከቻው ጋር አያይዘነዋል፤ ከእያንዳንዳችን የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ለቅሶ የሚደርሰው ቡድናችንም ከዛሬ ጀምሮ «ምትኩን» የሚለውን ይተውና የልጁን ስም ይጠይቅ።