መጽሐፍ የእጅ ሥራ ነው
(በምዕራብ ሸዋ፣ በአምቦ አካባቢ፣ በንባብ ቤት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መጽሐፍ ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ስለተጻፈው አይደለም፤ ስለ ራሱ ስለ መጽሐፉ ነው። ከምን ይሠራል? እንዴትስ ይሠራል?

ይህን ርእስ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ አንድ አባት ደብተራቸው አለቀና «እንግዲህ ሌላ ከአምቦ እስኪመጣ ጽሕፈት ቀረ» አሉኝ። ነገሩ አሳሰበኝ። ፊደል እኮ እንደ እርሻ መሬት ነው፤ ጦም ካደረ አረም ይወርሰዋል። የሚያነበውና የሚጽፍበት ያጣ ሰው፣ በስንት ድካም የለየው ፊደል ቀስ በቀስ ይጠፋዋል።

ለመሆኑ መጽሐፍ ከወዴት ይመጣል? «ከማተሚያ ቤት» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም በአገራችን መጽሐፍ ነበረ። የሚሠራውም ከቆዳ፣ ይልቁንም ከፍየል ቆዳ ነበር። ይህ ብራና ይባላል።

የብራና አሠራር እንዲህ ነው። ቆዳው ለጥቂት ቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ዙሪያውን በገመድ ይወጠራል። ሥጋውና ስቡ በስለት ይፋቃል፤ በድንጋይ ይታሻል፤ ጠጉሩም ይላጫል፤ በፀሐይ ይደርቃል። ለልብስና ለስልቻ የሚሆን ቆዳ ይለፋል፤ ብራና ግን አይለፋም። ተወጥሮ ስለሚደርቅ ነው ቀጥ የሚለው። ከዚያ በልክ ተቆርጦ ይታጠፋል። ጸሐፊው በወስፌ ያሰምርበታል። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ተቀላቅሎ ብዙ ቀን ይብላላል። ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለርእስ ነው። ብዕሩ መቃ ነው። መጨረሻ ላይ ጥራዞቹ ይሰፋሉ፤ በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ይጠረዛሉ፤ ገበታው በቆዳ ይደጎሳል።

እስቲ ልብ በሉ! ፍየል፣ ጥቀርሻ፣ እህል፣ መቃ፣ እንጨት፣ ክር። ከእነዚህ ውስጥ በመንደራችን የማይገኝ የትኛው ነው?

የብራና ጥንካሬው ደግሞ የሚደንቅ ነው። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የብራና ወንጌሎች ሲመረመሩ ዕድሜያቸው ከ1300 ዓመት በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ያን ያህል ሩቅ መሄድ የማይችል ደግሞ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ አዲስ ዓለም ላይ ይቁም። አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ስፍራውም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በቤተ ክርስቲያኗ ቤተ መዘክር ውስጥ የብራና መጻሕፍት አሉ። በአዲስ አበባም በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ ይዟል። የታሪክ ሊቁ ሥርግው ሀብለ ሥላሴም ይህ ሙያ ተረስቶ እንዳይቀር አሠራሩን በመጽሐፍ ጽፈው በ1981 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

ይሁን እንጂ ብራና አንድ ችግር ነበረበት። ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳና የወራት ድካም ይጠይቃል። ታዲያ ይህን ማን ይችላል? መጽሐፍ በደብርና በባለጸጋ ቤት ተወስኖ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላም ችግር ነበረ፤ ይህኛው የእኛው የራሳችን ነው። ቆዳ የሚሠራውን ሰው «ፋቂ» ብለን ስንሰድብ ኖርን። ብራናውስ የሚገኘው በመፋቅ አይደል? መጽሐፉን እየተሳለምን ሙያውን መናቅ ምን የሚሉት ነው? የተናቀ ሙያ ልጅ አይወርሰውም፤ ልጅ ያልወረሰው ሙያ ደግሞ ከባለሙያው ጋር ይቀበራል።

መጽሐፍን ያረከሰው፣ ማለትም ዋጋውን ዝቅ ያደረገው ወረቀት ነው። በቻይና ጻይ ሉን የተባለ ሹም በ105 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወረቀትን አሠራር ለንጉሡ እንዳቀረበ ታሪክ ይናገራል። የተሠራውም ከዛፍ ልጥ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከዓሣ መረብ ነበር። ዘዴው አስቸጋሪ አይደለም። ልጡ ተቆራርጦ በአመድ ውሃ ይቀቀላል፤ ይወቀጣል፤ በብዙ ውሃ ይበጠበጣል፤ በወንፊት ይጠለላል። በወንፊቱ ላይ የቀረው ስስ ነገር ተጨምቆ ሲደርቅ ወረቀት ይሆናል። ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ እንሰት ሞልቷል። ቃጫውን ለገመድ እናውለዋለን። ያው ቃጫ ሙቀጫና ወንፊት ካገኘ ወረቀትም ሊወጣው ይችላል። ሻካራ ይሆናል፤ ግን ይጻፍበታል።

ይህ እስኪሆን ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ዛሬ ማታ የሚሠራ ነገር ላሳያችሁ። ባንድ ወገኑ ያልተጻፈበት ወረቀት፣ ወይም ተራግፎ የጸዳ የሲሚንቶ ከረጢት ፈልጉ። አምስት ስድስቱን እኩል ቆርጣችሁ አንድ ላይ ከመካከል እጠፉ። በእጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቦታ ብሱ፤ ከመካከል፣ ከላይና ከታች። ክሩን በሰም አሹት። መርፌውን ከውስጥ በመካከለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጡ፤ በላይኛው ወደ ውስጥ መልሱ፤ በታችኛው ወደ ውጭ አውጡ፤ እንደገና በመካከለኛው ወደ ውስጥ አስገቡና ሁለቱን ጫፎች ቋጥሩ። ለሽፋኑ ቁራጭ ቆዳ ይበቃል። በዚህ ሥራ ስፌት የሚሰፉ እናቶቻችን ከእኔ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪው ይበልጣሉ።

ምን ይጻፍበት? ልጅ የተወለደበት ቀን፣ ላም የወለደችበት ቀን፣ የተዘራው ዘር፣ የተበደራችሁትና ያበደራችሁት ገንዘብ፣ የዕድር መዋጮ። አባቶች የሚያውቁትን የጎሣ ታሪክና ተረት ልጆች ይጻፉት። በኦሮምኛም ጻፉ። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በእናት ቋንቋ መጻፍ የሚያሳፍር አይደለም።

በመጨረሻ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ንባብ ቤት አንድ ጥግ ለመጽሐፍ ሥራ ይሰጥ። ወስፌ፣ ክርና መወጠሪያ ማዕቀፍ ይቀመጥበት። ብራና መፋቅ ወይም መጠረዝ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው ካለ በክብር ተጠርቶ ለልጆች ያሳይ። ሁለተኛ፣ በቤቱ የቆየ ብራና ያለው ሰው ለመንገደኛ እንዳይሸጥ። ቅርስ ማሸሽ በሕግ ክልክል ነው፤ የተሸጠውንም ገዝቶ መመለስ ቀላል አይደለም።

ደብተር አለቀ ብላችሁ ጽሕፈት አታቁሙ። ወስፌው በየቤታችሁ አለ። ለሚመጣው ትምህርት እያንዳንዳችሁ የሰፋችሁትን ደብተር ይዛችሁ ኑ።