ጽጌረዳን በደጋችን መቼና እንዴት እንግረዝ?



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ርእስ በዚህ መድረክ እምብዛም አይነሣም። ጤፍና ስንዴ፣ ቡናና ድንች ሲጠኑ የጌጥ ተክል ለትርፍ ጊዜ ይተዋል። እኔ ግን ጽጌረዳን የምመለከታት እንደ ማስረጃም ጭምር ነው፤ በሌላ አየር ንብረት የተጻፈ ምክር ሳይመረመር ሲገለበጥ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያልና።

የአውሮፓ የአትክልት መጻሕፍት ጽጌረዳን በብርዱ ወቅት ማብቂያ፣ ይኸውም በፌብሩዋሪና በማርች፣ አጥብቃችሁ ግረዙ ይላሉ፤ ጠንካራውን ዘንግ ሳይቀር ከመሬት እስከ አንድ ስንዝር ያወርዱታል። ምክሩ በቦታው ትክክል ነው። እዚያ ተክሏ በብርዱ ቅጠሏን ታረግፋለች፤ ከማርገፏም በፊት ያዘጋጀችውን ምግብ ወደ ግንዷና ወደ ሥሯ ታወርዳለች። ጎተራው ከታች ስለሆነ የላይኛው መቆረጥ ብዙ አይጎዳትም።

የእኛ ጽጌረዳ ግን አትተኛም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ፀሐያማ ነው። ስለሆነም ተክሏ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ይዛ ትኖራለች፤ የዕለት ስንቋም ከዚያው ቅጠል ነው። እስከ ስንዝር ስንቆርጣት ጎተራዋን አናተርፍላትም፤ ወጥ ቤቷን ነው የምናፈርስባት። በደጋችን ከዘንጉ ርዝመት ሲሶውን፣ ቢበዛ ግማሹን ብቻ መግረዝ ይበቃል የምለው ከዚህ በመነሣት ነው። የሞተውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ዘንግ ግን ከመነሻው ማስወገድ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ጣጣ አለ። የፈረንጆቹን የብርድ ወቅት «ክረምት» ብለን ስለምንተረጉመው፣ «በክረምት ማብቂያ ግረዙ» የሚለውን ያነበበ ሰው የሚያስበው ሐምሌንና ነሐሴን ነው። የእነርሱ «ክረምት» ደግሞ የእኛ በጋ ነው። በሐምሌ የተገረዘች ጽጌረዳ ለጋ ቅጠሏን የምታወጣው በዝናቡ መካከል ነው፤ ቅጠሉም ሳይደርቅ ይውላል፣ ያድራል። በቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጥብ እያበጀ የሚያረግፈው ሻጋታ የሚፈልገው ይህንኑ እርጥበት ነው።

የእኛ ዓመት የሚከፈለው በዝናብ እንጂ በውርጭ አይደለም። አባቶቻችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ወራት «ወርኀ ጽጌ» ማለታቸው ምድሩን አይተው ነው። በእኔ አስተያየት ዋናው ግርዛት መዋል ያለበት ዝናቡ ሲቀንስ፣ በመስከረም ነው፤ አፈሩ ጠግቧል፣ ሰማዩም ይገለጣል፣ አዲሱ ቅጠል በደረቅ አየር ያድጋል።

ከግርዛት እስከ አበባ ያለው ጊዜ እንደ ሙቀቱ ይለያያል እንጂ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። ዘመናዊዎቹ የጽጌረዳ ዓይነቶች የቀን ርዝመት ሳይጠብቁ ያብባሉ፤ ይህን ባሕርይ ያገኙት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ አውሮፓ ከገቡት የቻይና ጽጌረዳዎች ነው። በየአጥሩ የምናውቀው ቀጋ፣ የገዛ አገራችን የዱር ጽጌረዳ፣ ወቅቱን ጠብቆ ነጭ አበባውን ሲሰጥ፣ የአትክልት ቦታዋ ጽጌረዳ ግን ከመቀሱ ጀምራ ትቆጥራለች። የዝዋይና የሆለታ አበባ አምራቾች ለፌብሩዋሪ 14 ገበያ ዘንጉን በታኅሣሥ የሚቆርጡት በዚህ ስሌት ነው። ሞቃቱ ዝዋይ ቶሎ ያደርሳል፤ ደጋው ሆለታ ይዘገያል፣ ነገር ግን እንቡጡ ይተልቃል።

በብዙ ግቢዎች የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ምረቃ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ጽጌረዳው በአጥር መከርከሚያ እኩል ይስተካከላል፤ እንቡጡ ሁሉ መሬት ይወድቅና ተመራቂዎቹ ከአረንጓዴ ሣጥን አጠገብ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ሠራተኛው የተሰጠውን መሣሪያና ትእዛዝ ነው የፈጸመው። ምረቃው በሐምሌ መጀመሪያ ከሆነ ቀለል ያለው ግርዛት በግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት ይፈጸም፤ ከዚያ በኋላ መቀሱ ለጠወለገ አበባ ብቻ ይነሣ። የጠወለገውም ከአንገቱ አይቀነጠስ፤ አምስት ንዑሳን ቅጠሎች ያሉት ቅጠል እስከሚገኝበት ድረስ ወርዶ፣ ወደ ውጭ ከምታይ ዓይን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጥ። ውኃ ከሥሩ ይጠጣ እንጂ በምሽት ቅጠሉ ላይ አይረጭ።

«ጽጌረዳዬ ቀለሟን ቀየረች፣ ዱር ሆነች» የሚል አቤቱታም ደጋግሞ ይደርሰኛል። አልተለወጠችም። ከችግኝ ጣቢያ የምንገዛት ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀለች ናት። ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠው ዘንግ የሥሩ ልጅ ነው፤ ጉልበተኛ ስለሆነ የላይኛዋን አስርቦ ይገድልና በእርሷ ቦታ ራሱ ያብባል። እንዲህ ያለው ዘንግ በመቀስ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ይወጣል። አፈሩን ገልጦ ከመነሻው መገንጠል ያስፈልጋል።

ከፊቴ በባልዲ ካሉት ዘንጎች ሦስቱ ከመጋጠሚያው በታች የወጡ፣ ሁለቱ ከበላይ የተቆረጡ ናቸው። ከጥያቄና መልሱ በኋላ ቀረብ ብላችሁ ቅጠላቸውንና እሾሃቸውን አስተያዩ፤ መቀስም ጓንትም አለ።