የበግ ጠባቂ ውሻ ጠባይ፣ አያያዝና ጤና



ከጣራ ገዳም ደን ግርጌ እስከ ጉና ተራራ ድረስ በግ የሚያረባ ሰው ውሻ አያጣም። ጅቡንና ቀበሮውን ከበረት የሚያርቀው እሱ ነው። በአግባቡ ካልተያዘ ግን ከጅብ ያዳነውን በግ መልሶ በበሽታ ይገድለዋል።

ጠባይ፦ ጥሩ ጠባቂ የሚሠራው በቡችላነቱ ነው። በቱርክ አገር ካንጋል የሚባለውን ግዙፍ ውሻ እረኞች ከትንሽነቱ ጀምሮ ከመንጋው ጋር ያሳድጉታል፤ ስለዚህ በጎቹን እንደ ወገኑ ያያል። እናንተም ቡችላው 2 ወር ሲሞላው ከበጎቹ አጠገብ ይደር። ግልገል ሲያሯሩጥ ወዲያው ከልክሉት። ዘወትር የታሰረና የሚደበደብ ውሻ ሌባና ቤተሰብ አይለይም።

አያያዝ፦ ትልቅ ውሻ ብዙ ይበላል። ከተራበ ጥንብ ፍለጋ ይዞራል፤ በሽታም ይዞ ይመለሳል። በየቀኑ በቂ ምግብና ንጹሕ ውኃ፣ ከዝናብም መጠለያ ይኑረው።

አዙሪት፦ በጉ አንገቱን አዘንብሎ አንድ ቦታ ላይ የሚዞረው አንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ የትል ከረጢት ስላለ ነው። ውሻ ይህን ጭንቅላት በጥሬው ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር በግጦሹ ላይ ይወድቃል፤ ሌላው በግ ከሣር ጋር ይበላዋል። ስለዚህ የታመመ በግ ጭንቅላት፣ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አትስጡ፤ አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ለውሻውም የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሚያዘው መጠንና ጊዜ የትል መድኃኒት ስጡት።

የእብድ ውሻ በሽታ፦ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፤ በየዓመቱም ይደገም። የአንድ ቤት ውሻ ብቻ መከተቡ መንደሩን አያድንም፤ ከ100 ውሾች ቢያንስ 70ው መከተብ አለባቸው። ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ ካያችሁ አትቅረቡት፤ ለባለሙያ አሳውቁ።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፀበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ክትባቱን አያስቀር፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም።

በጎቻችሁን ለክትባት ስታመጡ ውሻችሁንም አስከትሉ፤ ጎረቤታችሁንም ቀስቅሱ።