የሲልቪያ ፓንክረስት ወረቀቶችና የእኛ ሣጥኖች
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ስለ አሮጌ ወረቀቶች ጉዳይ ሲነሣ «አሁን እሱ ምን ይሠራል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛም መልሱን ከሩቅ ጀምረን ወደ ደባርቅ እናመጣዋለን።

ሲልቪያ ፓንክረስት የሚባሉ እንግሊዛዊት ነበሩ። የመሳፍንት ዘር አይደሉም፤ አባታቸው የሕግ ሰው፣ እናታቸው ደግሞ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉት ኤመሊን ፓንክረስት ናቸው። ሲልቪያም በዚሁ ትግል ብዙ ጊዜ ታስረዋል፤ እስር ቤት ውስጥ እህል አልቀምስም ብለው ተሠቃይተዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በምሥራቅ ለንደን ለድኾች በርካሽ የሚበላበት ምግብ ቤትና የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ከፍተው ሠሩ።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ሰሞን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋሙ። የገዛ መንግሥታቸው በ1931 ዓ.ም. ወረራውን ሲቀበል እሳቸው አልተቀበሉም። የዐርበኞቻችንን ወሬ እየለቀሙ ያትሙ ነበር። ጋዜጣው ሃያ ዓመት ወጣ፤ ሃያ ዓመት ቀላል አይምሰላችሁ።

የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ለንደን ሳሉ ነርስነት ተምረው ነበር። በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወጣትነታቸው ሲያርፉ፣ ሲልቪያ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ በአገራቸው ገንዘብ ለማሰባሰብ ተነሡ። ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል ያ ነው።

በ1948 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከሰባ ካለፈ በኋላ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገብተው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት ማዘጋጀት ጀመሩ። በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ዐረፉ፤ መቃብራቸው ቅድስት ሥላሴ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገራችን እንምጣ። የእኚህ ሴት ወረቀቶች፣ ደብዳቤውም ረቂቁም፣ ዛሬ አምስተርዳም በሚገኘው የማኅበራዊ ታሪክ ተቋምና ለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ተማሪ ሄዶ ያነባል፣ ይመረምራል። አንድ ሰው አልጣለውም፣ ሌላው ተረከበው፣ ሦስተኛው ቁጥር ሰጠው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

የእኛስ? እዚሁ ደጃችን ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በ1934 ዓ.ም.፣ እሱም በመስቀል ሰሞን ነው። እዚያ የተዋጋ ሰው ለቤተሰቡ የላከው ደብዳቤ ካለ፣ የሚገኘው አምስተርዳም ሳይሆን በእኛው ሣጥን ወይም በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው። የዐርበኝነት ምስክር ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የድሮ ዕድር መዝገብ፣ ከጀርባው ስም የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ ይህ ሁሉ ጢስና አይጥ እየበላው ነው። የተረፈውም ሱቅ ገብቶ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በመጣ ጊዜ ቤቱን ጥሎ የወጣው ሰው ልጁንና ጋቢውን ይዞ ወጣ። ወረቀት ማን ያስታውሳል? ማንም አይፈረድበትም። ግን በዚያ ቀን ቅጂው ሌላ ቦታ ቢኖር ኖሮ አንድ ሐሳብ ይቀንስ ነበር።

ስለዚህ ማኅበሩ ይህን ወስኗል። አሮጌ ወረቀት ያለው ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጸሐፊው ያምጣ። ወጣቶቻችን እዚያው ባለቤቱ ፊት በስልክ ፎቶ አንሥተው፣ የማን እንደሆነና ምን እንደሚል በመዝገብ ጽፈው ወረቀቱን ለባለቤቱ ይመልሳሉ። ማኅበሩ ዋናውን አያስቀርም። የመሬት ነገር ያለበት ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው ቢተወው መብቱ ነው፤ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ማንበብ የማይችሉ እናቶች «ይህ እንኳ የማይረባ ነው» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ለልጆቹ አሳዩልን። የክረምቱ እርጥበት ሳይገባ ወረቀቱን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በደረቅ የቆርቆሮ ሣጥን አኑሩት። የተጣበቀውን በኃይል አትላቅቁት፤ እንዳለ ይምጣ።