ሊማሊሞን በፔዳል

አቅራቢዋ፦ ደባርቅ ላይ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ብስክሌተኛው ግን ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ሲደርስ ጃኬቱን አውልቆ ውሃ ውሃ ይላል።

አቅራቢው፦ ቁልቁለት ነው ብለሽ እንዳትንቂው! ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየፈለፈለ ያወጣው መንገድ ነው፤ ጥምዝምዙ አያልቅም። ፍሬን እንደያዙ ከወረዱ ቸርኬው ይግላል፣ ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ልማድ ያላቸው ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፣ መሀል ላይ ቆመው ያበርዱታል።

አቅራቢዋ፦ ከሽሬ በኩል የሚመጣውስ?

አቅራቢው፦ እሱማ አቀበቱ ይጠብቀዋል። ወርዶ ቢገፋም ነውር የለውም።

አቅራቢዋ፦ ብስክሌትን ካነሳን አይቀር፣ አየርላንዳዊቷ ጸሐፊ ደርቭላ መርፊ በ10 ዓመቷ ብስክሌትና አትላስ በስጦታ አገኘች፤ ያኔውኑ ህንድ ድረስ በብስክሌት ለመሄድ ቆረጠች። እ.ኤ.አ. በ1963 ተነሳች፣ ደረሰችም። እኛ አገር ስትመጣ ግን ብስክሌቱን ተወችው።

አቅራቢው፦ ከምጽዋ ተነስታ፣ ጓዟን በበቅሎ ጭና በሰሜን ተራሮችና በጎንደር አድርጋ አዲስ አበባ ገባች። ያኔ ለነበረው የእግር መንገድ ብልህ ምርጫ ነው።

አቅራቢዋ፦ የኛዎቹስ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ኦሎምፒክን ስትጀምር ብስክሌተኞችም ነበሯት። በኋላ የሯጮቹ ዝና ዋጣቸው።

አቅራቢው፦ ያሳዝናል። ቱር ደ ፍራንስ ላይ ኢትዮጵያዊ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ።

አቅራቢዋ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የካይሮ–ኬፕታውን የብስክሌት ጉዞስ በዛሪማ ያልፍ ነበር?

አቅራቢው፦ የለም፣ ከሱዳን በመተማ ገብቶ ነበር ጎንደር የሚወጣው። እሱም ቢሆን ከቆላ ወደ ደጋ ነው፤ እግር ይፈትናል።