የቦርንቪል መንደር አነሣሥና የመጀመሪያ ዕድገት



የአንድ መንደር አመሠራረት ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ቤቶቹ አሠራር ነው። በእንግሊዝ አገር ከበርሚንግሃም ከተማ በስተደቡብ የሚገኘው ቦርንቪል ግን ከቤቶቹ ይልቅ በመሬቱ ታሪክ የሚያስተምር መንደር ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በርሚንግሃም የፋብሪካ ከተማ ሆና ስትሰፋ፣ ለሠራተኛው ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁና በአንድ ወገን ብቻ በርና መስኮት ያላቸው ነበሩ። ውሃውም መጸዳጃውም በጋራ ግቢ ስለነበር በሽታ በቀላሉ ይዛመት ነበር። ሪቻርድና ጆርጅ ካድበሪ የተባሉት ወንድማማቾች ከአባታቸው የተረከቡት የካካዎና የቸኮላት ፋብሪካም በዚሁ ከተማ መካከል ይገኝ ነበር።

ወንድማማቾቹ በ1879 ፋብሪካውን 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ ገጠር አዛወሩት። ሥፍራው ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ የባቡር ሐዲድና የጀልባ ቦይ በአጠገቡ ያልፉ ነበር። ስሙም ቦርን ከተባለው ጅረትና በፈረንሳይኛ ከተማ ማለት ከሆነው ቃል ተጣምሮ ወጣ። በዚያን ጊዜ አብረው የተሠሩት ግን ለሠራተኛ አለቆች የሚሆኑ ጥቂት ቤቶች ብቻ ነበሩ።

መንደሩ የተጠነሰሰው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ጆርጅ ካድበሪ አካባቢው በቤት ነጋዴዎች እጅ ገብቶ እንደ ከተማው እንዳይጨናነቅ በመስጋት፣ በ1893 በግል ገንዘቡ 120 ኤከር ወይም 49 ሄክታር ያህል መሬት ገዛ። በ1895 ግንባታው ሲጀመር ንድፉን የማውጣት ኃላፊነት የተሰጠው ዊልያም አሌግዛንደር ሃርቪ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ የነበረ አርክቴክት ነው። ደንቡም ግልጽ ነበር፤ ቤቱ ከይዞታው ከሩብ በላይ እንዳይሸፍን፣ እያንዳንዱ ቤት አትክልትና የፍሬ ዛፍ የሚበቅልበት ጓሮ እንዲኖረው፣ ከመሬቱም አንድ ዐሥረኛው ለመናፈሻና ለመጫወቻ እንዲተው ያዛል። መሥራቹ የኩዌከር እምነት ተከታይ ስለነበር መጠጥ ቤት አልፈቀደም። ነዋሪዎቹ ግን የፋብሪካው ሠራተኞች ብቻ እንዲሆኑ አላደረገም።

ዋናው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች በ999 ዓመት ውል፣ ከአነስተኛ ወለድ ብድር ጋር ለነዋሪዎች ተላልፈው ነበር። ሐሳቡ ቸርነት ቢሆንም፣ አንዳንድ ገዢዎች ቤቶቹን በትርፍ መልሰው ሸጡ። ለሠራተኛው የታሰበው ጥቅም በመካከል ላለው ሻጭ ኪስ ገባ ማለት ነው። በንድፉ አንዳች ጉድለት ሳይኖር ዓላማው ሊፈርስ እንደሚችል በዚህ ታወቀ።

ስለሆነም ጆርጅ ካድበሪ በታኅሣሥ 1900 መሬቱንና ቤቶቹን ለቦርንቪል መንደር ባለአደራ ድርጅት በስጦታ አስተላለፈ። ስጦታው 330 ኤከር ወይም 133 ሄክታር ያህል መሬትና 313 ቤቶች ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቶች በኪራይ ይሰጡ ጀመር፤ ከወጪ የተረፈው ገቢም ለማንም ግለሰብ ሳይከፈል ለተጨማሪ ግንባታና ለመሻሻል እንዲውል ተደነገገ። በ1901 የአትክልት ከተሞች ማኅበር ጉባኤውን በዚሁ መንደር ማድረጉ ለሥራው የተሰጠውን ግምት ያሳያል። በ1911 በርሚንግሃም ሰፍታ መንደሩን ብታጠቃልለውም መልኩን አላጣም።

እርግጥ ነው፣ ኪራዩ ከድኾች ሁሉ አቅም ጋር የሚመጣጠን አልነበረም፤ የመሥራቹም ፈቃድ በነዋሪው ኑሮ ላይ ይጫን ነበር። ይሁን እንጂ ባለአደራው ድርጅት ከመቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ዛሬም ሥራውን ይቀጥላል። የሃርቪ ቤቶች ያማሩ ናቸው፤ ጓሯቸውና ዛፋቸው እስከ ዛሬ የተጠበቀው ግን የመሬቱ ይዞታ አስቀድሞ ስለታሰበበት ነው። ንድፍ አውጪ መስመሩን ከማስመሩ በፊት፣ የመሬቱ ዋጋ ሲያድግ ጥቅሙ የማን እንደሚሆን መጠየቅ ይገባዋል።